ሯጩን «ወገንህን ለይ» አንበለው

አንድ አትሌት ሜዳልያ ባጠለቀ ማግስት ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ያነበበ ሰው የምለውን ያውቃል። «እንኳን ደስ አለህ» ሦስት አራት መስመር ሳይሄድ ጥያቄው ይመጣል። ወገንህ ሲያልቅ የት ነበርክ? ስለ ራያ ምን ትላለህ? ስለ ወልቃይትስ? ለምን ዝም አልክ? ጠያቂው አማራም፣ ትግሬም፣ ኦሮሞም ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የቦታው ስም ብቻ ነው።

እኔ የራያ ቆቦ ሰው ነኝ። ከጠያቂዎቹ መሀል የሀገሬ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከምን ተነስተው እንደሚጠይቁም አውቃለሁ። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ በነበረችው ቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተረሽነዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎችም አምነስቲ ኢንተርናሽናልም መዝግበውታል። ያኔ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ወልድያ ያለው ዘመድ ቆቦ ላለው አይደርስለትም። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ሕዝብ ድምፁ ከዓለም ጆሮ የሚደርስ ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም። በኢትዮጵያ ደግሞ ዓለም በስሙ የሚያውቀው ማን አለ ቢባል፣ ከሯጮቹ ሌላ ብዙ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ተደባልቆብናል። የሞተውን ሰው «ሞቷል፣ መሞት አልነበረበትም» ማለት አንድ ነገር ነው። አላማጣ የማን ነው፣ ኮረም የማን ነው ለሚለው መልስ መስጠት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ከማንም ሰው ልንጠብቅ እንችላለን። ሁለተኛውን ከአትሌት መጠየቅ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ብንጠይቅም የሚጠቅመን አይመስለኝም።

የራያ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም። እስከ 1983 ድረስ ቆቦም አላማጣም ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበሩ። ክልሎች ሲዋቀሩ ቆቦ ወደ አማራ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ተመደቡ። ከቆቦ አላማጣ በመኪና ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ አማርኛና ትግርኛን በአንድ ማዕድ የሚናገር፣ የኦሮሞና የአፋር ደም የገባበት ሕዝብ ከመሀሉ መስመር ተሰመረበት። በ2016 መንግሥት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንደሚፈታ አስታውቋል። ያ ቀን ከመጣ ታዋቂ ሰው ሁሉ «የቱን ትመርጣለህ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ባለቀበት ሀገር የሆነውን እንይ። ስኮትላንድ ከብሪታንያ ልትለይ አትለይ ብላ መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ድምፅ ሰጠች። የስፖርቱ ሰዎች አብዛኞቹ አፋቸውን ዘግተው ነበር። ስኮትላንዳዊው የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ እንግሊዝ ስለሚኖር ድምፅ መስጠት እንኳ አይችልም ነበር። በድምፅ መስጫው ቀን ጠዋት፣ የ«አንለይ» ወገኖች ቅስቀሳ አሳዝኖት ልቡ ወደ ነፃነት ማዘንበሉን በትዊተር ጻፈ። ወዲያው የስድብ ናዳ ወረደበት። በልጅነቱ ይማርበት በነበረው የደንብሌን ትምህርት ቤት በተፈጸመው እልቂት አብሮ ባለመሞቱ የተቆጩ ሁሉ ነበሩ። ለአንዲት አጭር ጽሑፍ! በኋላ እሱም የጻፈበትን መንገድ እንደማይወደው ተናገረ። ነገሩ በ55 ለ45 ተለየ፤ ሀገሬውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥይት ባልተተኮሰበት፣ ዳኛና ፖሊስ ባለበት ሀገር ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ፣ ለእኛ አትሌት ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት።

የእኛ ሯጭ የማን ተቀጣሪ እንደሆነ እንርሳው? መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፤ የታወቁት የአትሌቲክስ ክለቦች በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው። ደመወዙ ከዚያ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጠው ፌዴሬሽን ነው። ቤቱ፣ እናቱ፣ ወንድሞቹ እዚሁ ናቸው። በኦሊምፒክ ላይ ደግሞ የቻርተሩ አንቀጽ 50 ፖለቲካዊ ምልክት ማሳየትን ይከለክላል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ያለን ሰው ፈሪ ማለት አልችልም።

ለተሰንበት ግደይን ሳስብ ይህ ሐሳብ ይበረታብኛል። የተወለደችው ትግራይ ውስጥ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትሩን በ30 ደቂቃ ከ9.94 ሰከንድ አሸነፈች፤ ኬንያዊቷን ሄለን ኦቢሪን የቀደመቻት በሰከንድ ሽራፊ ነው። ሐምሌ 11 ደግሞ ጎተይቶም ገብረሥላሴ ማራቶኑን በ2:18:11 በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን ጨረሰች። በዚያ ሳምንት ትግራይ ስልክ አልነበረም። እነዚህ ልጆች የኢትዮጵያን ባንዲራ ለብሰው ሲያለቅሱ ያያቸው ሁሉ እንባቸውን ለየራሱ ተረጎመው። አንዱ የሀገር ፍቅር ነው አለ፤ ሌላው የተደበቀ ተቃውሞ ነው አለ። ወላጅ በስልክ የማይገኝላት ልጅ እያለቀሰች ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቀን የምናረጋግጠው አልነበረም፤ የሚያስፈልገንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 18፣ የሰሜኑ ጦርነት እንደገና የጀመረው እዚሁ ቆቦ ዙሪያ ነው። የእሷ ወላጆችና የእኛ ወላጆች በአንድ ጦርነት በሁለት ጎን ተቀምጠው ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር የሚጎዳባት ሰው እዚያም ነበራት፣ እዚህም ነበራት።

«ፈይሳ ሌሊሳስ ተናግሯል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን አጣመረ። ወገኖቹ እየተገደሉ መሆኑን ለዓለም አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሀገሩ ውጭ ኖሮ በጥቅምት 2011 ተመለሰ። ያን ድርጊቱን ዛሬም አከብረዋለሁ። ግን ምን እንዳለ ልብ እንበል። ድንበሩ ይኸ ይሁን አላለም፤ ሰው እየሞተ ነው አለ። ሰው ሲሞት ሞተ ማለት ከየትም ወገን ሆነን የምናከብረው ነው፤ ሲያስከፍልም የሚያስከፍለው ተናጋሪውን ራሱን ነው።

በኅዳር 2014 የሆነው ሌላ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴም ፈይሳም ግንባር ለመሄድ ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ያን ጊዜ ቆቦ ገና ነፃ አልወጣችም። ስንት የራያ ሰው በዚያ ንግግር ልቡ እንደሞቀ አውቃለሁ፤ በማንም አልፈርድም። ግን ኃይሌ ማን ነበር? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በ1999 ከእስር ሲፈቱ ከፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ጋር ካሸመገሉት አንዱ ነበር። መንግሥትም ተቃዋሚም እሺ ብሎ የተቀበለው፣ አንዳቸውንም ወግኖ ስላልተሰማ ነው። ግንባር እሄዳለሁ ካለ በኋላ መቀሌ ላይ ያንኑ ወንበር ማን ይሰጠዋል? ይህን የምለው ኃይሌን ለመንቀፍ አይደለም። የሀገር ፍቅሩን አልጠራጠርም። ያጣነው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ በሁለቱም በኩል በር የሚከፈትለት ሰው በዚህ ሀገር ስንት ቀረ?

በቆቦ ደም የሚደርቀው በዘወልድ፣ በባህላዊው የሽማግሌዎች እርቅ፣ ነው። የነፍስ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ተፈልጎ ይገባል። አስታራቂ ሲፈለግ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው በጠቡ መሀል ያፉ ቃል ነው። የገዳይን ዘመድ የሰደበ፣ ለሟች ወገን «በል ተነስ» ያለ ሰው፣ ምንም ቢከበር፣ ምንም ቢያዝን፣ ለእርቁ አይሆንም። ይህን ከአባቶቻችን እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ታዲያ በሀገር ጠብ ላይ ሲሆን ለምን እንረሳዋለን? ዝም ያለውን ሁሉ በግድ ወገን እያስያዝን፣ ነገ በማን እንታረቃለን?

ዝምታ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ከአትሌቶቻችን የምፈልገው አለ፣ አጥብቄም እፈልገዋለሁ። ቆቦ መጥተው ጳጉሜ 4 ልጁን ካጣ ሰው ጋር ለቅሶ ይቀመጡ። አክሱም ሄደውም ይቀመጡ፤ እዚያም በኅዳር 2013 ብዙ ሰው ተገድሏል። ከአላማጣና ከኮረም በየዙሩ ለተፈናቀለው፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ እጃቸውን ይዘርጉ። ይህን ለማድረግ የራያን ካርታ ማስመር አያስፈልጋቸውም። ለአንዱ ወገን ብቻ አልቅሶ ሌላውን ያለፈን ግን፣ አትሌትም ይሁን ዘፋኝ፣ «ለምን?» ብንለው መብታችን ነው።

የካርታውን ነገር ለመመለስ ደመወዝ የሚከፈለው ሌላ አካል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል። የራያ ሰው ጥያቄውን ካነሳ ስንት ዓመት ሆነው? በዚህ መሀል ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንት ሰው ሞተ? «ለምን ዝም አላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በየፎቶው ሥር የምትጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚያው ጉልበት ለምክር ቤቱ ጻፉለት። ተወካዮቻችንን በስማቸው ጠይቋቸው። ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ከተባለ፣ የተፈናቀለው ሰው ሳይመለስ ማን ድምፅ ሊሰጥ ነው በሏቸው። መልስ የመስጠት ግዴታ ያለባቸው እነሱ ናቸው።