የየዕለቱ መርፌ

ባለቤታችን በአምስተኛው የእርግዝና ወር አንድ እግሯ ቢያብጥ፣ በጭሮ፣ በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ያዩዋት ሐኪም በእግሯ የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋቱን ነገሩን። እስክትወልድ ድረስ፣ ከወለደችም በኋላ ስድስት ሳምንት፣ ኢኖክሳፓሪን የተባለውን መርፌ በየዕለቱ ከሆዷ ቆዳ ሥር እንድትወጋ አዘዙ። ለፅንሱ ብንሰጋ፣ ይህ መድኃኒት የእንግዴ ልጁን አልፎ አይደርስበትም፤ የሚያልፈውና ሊጎዳው የሚችለውስ በአፍ የሚዋጠው ዋርፋሪን ነው አሉን።

የምንወጋት እኛው ነበርን፤ በመጀመሪያው ምሽት ከተወጊዋ ይልቅ የወጊው እጅ ተንቀጠቀጠ።

ጭንቁ ግን በሌላ በኩል መጣ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው። ከአሰቦት እስከ ሂርና ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ አይቀምስም። አማታችን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልን ሰነበትን፤ በመጨረሻ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ለመሆኑ የዛሬውን ተወግታለች?» ሲሉ ጠየቁን። ሰዓቱ አልፎ ነበር።