ስለ አደራና ስለ ቸኳይ እጅ

ሰው የሚወደው ነገር ሲታመምበት ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ልጁን ቢያተኩሰው ቅጠል ይበጥሳል፤ ላሙ ሆዷ ቢነፋ ጎረቤት ይጠራል፤ ሬዲዮኑ ድንገት ዝም ቢል በመዳፉ ይመታዋል። ይህ ጠባይ ከፍቅርና ከችግር የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ሐኪሙ ሩቅ፥ የባለሙያው ዋጋ ውድ በሆነበት አገር ሰው ራሱን ካልረዳ ማን ይረዳዋል? በመርሳ ገበያ የተሰበረ ጃንጥላም ሆነ የደከመ ስልክ የሚጠግን ሰው አይጠፋም፤ እኔም ይህን ብልኃት ሳደንቅ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ዘመኑ ያመጣው አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱን ለማዳን የተዘረጋች እጅ ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ሆና ትገኛለች። ይኸውም ሃርድ ዲስክ የሚባለው፥ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሰውን ጽሑፍና ሥዕል የሚጠብቀው ሣጥን ነው።

የዚህ ዕቃ ታሪክ በእኛ ዕድሜ የሚጠቃለል ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲያወጣ፥ 50 ሰፋፊ ሳሕኖች የተደረደሩበት ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነበረ፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። ያ ሁሉ ብረት ዛሬ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ እንኳ አይበቃውም። የዛሬው በመዳፍ ይያዛል። በውስጡ እንደ መስተዋት የጠራ ሳሕን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል፤ ጽሑፉን የሚያነበው ጫፍም ሳሕኑን ሳይነካ በላዩ ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ነው። የአንድ ጠጉር ውፍረት ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖ ሜትር ስለሚለካ፥ ለዚያ ጫፍ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተራራ ትሆንበታለች። ጫፉ ሳሕኑን የነካ እንደ ሆነ ይፍቀዋል። የተፋቀ ብራና ብዙ ጊዜ የፊደሉ ጥላ ይቀርበታል፤ ከሳሕኑ የተፋቀው ግን ዱቄት ሆኖ ይበናል።

በወልድያና በደሴ መካከል በዋናው መንገድ ላይ ባለችው በመርሳችን አንድ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ የሀብሩን ሰው ኒካሕና ተክሊል፥ የተማሪውን የፈተና ፎቶግራፍ፥ የሽማግሌውን የመታወቂያ ጉርድ ሲያነሣ ብዙ ዓመት ኖሯል። ያን ሁሉ ያስቀመጠው በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበረ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በእኛ አገር በነበረ ጊዜ፥ የወልድያን ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ ብዙ ቤት ሲዘረፍ፥ እርሱ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልሎ ከጎታ ውስጥ እህል ሥር ቀበረውና አተረፈው። ከዚያ ወዲህ ወደ ፎቶ ቤቱ የሚመጣው ሰው ዓይነቱ ተለወጠ። ፎቶግራፍ ለመነሣት ሳይሆን፥ «ልጄን ያነሣህልኝ አለ ወይ?» ለማለት የሚመጣ በዛ።

ከጦርነት የተረፈው ዲስክ በአንድ ተራ ቀን፥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፥ «ቀጭ፥ ቀጭ» ማለት ዠመረ።

መካሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይበዛል። አንዱ «በላስቲክ ጠቅልለህ ከፍሪጁ በረዶ ቤት አሳድረው፤ እኔ ሲድን ሰምቻለሁ» አለ። ከበረዶ የወጣ ብርጭቆ ላብ እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ያ ላብ በሳሕኑ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን አላሰበም። ሌላው ከሌላ ዲስክ ላይ አረንጓዴውን ሰሌዳ አውጥቶ መለወጥን መከረ፤ ነገር ግን በዛሬዎቹ ላይ እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ልክ በዚያው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ስለሚይዝ፥ የባልንጀራው ሰሌዳ ብቻውን አያስነሣውም። ሦስተኛው ካቻቢቴ ይዞ መጣና ብሎኖቹን ሊፈታ ተቀመጠ። ባለሙያዎች ይህን ክዳን የሚከፍቱት አየሩ ከአቧራ በተጣራ ክፍል ነው፤ ይህ ሰው ሊከፍት የተነሣው ግን የጭነት መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር፥ በሩ ወለል ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የተጨነቀው እርሱ ነበረ፤ የሟች ወንድሙ ሠርግ በዚያ ዲስክ ውስጥ ነውና።

በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የተማረው የእኅቴ ልጅ ከእኔ ጋር ገባ። ካቻቢቴውን በትሕትና ከሰውዬው እጅ ተቀብሎ፥ «ጋሼ፥ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉት» አለው። ቀጥሎም «ይህ ንብረት የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ተቆጥቶ «የኔ ነው እንጂ የማን ሊሆን!» ቢለው፥ «ዲስኩስ የአንቱ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፊቶች ግን የአንቱ አይደሉም» አለ። ይህን ቃል በልቤ ሳመላልሰው ሰነበትሁ። ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢቀልድ ኪሳራው የራሱ ነው፤ በአደራ የተቀመጠውን መሞከሪያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ትንሽ ፎቶ ቤት ከባድ መሆኑን አልክድም፤ የካቻቢቴውም መነሻ ይኸው ድኽነት ነው።

ቢሆንም ማናቸውም ሙከራ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል፥ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ፥ ወዲያው አይጠፋም፤ የጠፋው ማውጫው ነውና በላዩ ሌላ እስካልተጻፈ ድረስ በቤት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። የሚጮህ ዲስክ ግን በእያንዳንዱ መብራት ዕድሜው ያጥራል። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ሰክቶ፥ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን በሙሉ ልኩ ማወቁን ካየ በኋላ፥ «የማያውቀው ቢሆን ኖሮ እዚሁ እንቆም ነበር» አለና ከወልድያ ከእርሱ የሚበልጥ አዲስ ዲስክ አስመጣ። ከዚያም ዲዲሬስኪው በሚባል በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም አሮጌውን ወደ አዲሱ መገልበጥ ያዘ። ይህ ፕሮግራም የሚያስተምር ጠባይ አለው፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይወስዳል፥ የሚያስቸግረውን ዘልሎ ለመጨረሻ ያቆየዋል፥ የደረሰበትንም በመዝገብ ይጽፋል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይዠምርም። ሥራው ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ፈጀ፤ መብራቱም አራት ጊዜ ጠፋ።

ይህ የመገልበጥ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከእኛ ወደ ደሴ ሲወርዱ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ይገኝ ነበረ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተዠመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህም መጽሐፍ 1832 ቁጥር ተሰጥቶት ፎቶግራፉ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ወንጌሉን በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ያለ ተማሪ እንኳ ያነበዋል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ብራናውን ሊያድሱት አልሞከሩም፤ አንሥተውት ወደ ቦታው መለሱት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከዲስኩ የሚበዛው ተገልብጦ፥ ጥቂቱ ሳይነበብ ቀረ። ልጁ አሮጌውን ነቅሎ በግልባጩ ላይ ብቻ መሥራት ዠመረ። ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም የፎቶግራፍን አዠማመር አይቶ ይለያል፤ ስሙንና ቀኑን የያዘው ማውጫ ሲጠፋ ግን ስም ሊመልስ አይችልም። በሺህ የሚቆጠሩ ፊቶች ስም የለሽ ሆነው ወጡ። ባለ ፎቶ ቤቱም በየማታው ተቀምጦ «ይህች የጊራናዋ ሙሽራ ናት፤ ይህ የውርጌሳው ነጋዴ ነው» እያለ ያስጽፋል። የማያውቀው ሲመጣ ጎረቤት ይጠራል።

አንዲት እናት ግን የልጃቸውን ሠርግ በተገኙት ውስጥ አጡ። ልጃቸው ከጦርነቱ አልተመለሰም። ወደ አሮጌው ዲስክ እያመለከቱ «ከዚያ ውስጥ አለ፤ እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩልኝ» አሉ። ባለ ፎቶ ቤቱ እጁ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ አየሁት፤ የእኔም ልብ አብሮት ሄደ። ልጁ «አብሽሩ እማማ፤ ያልተነበበው አልጠፋም። ዛሬ ብንነካው ግን ባለሙያው ነገ የሚያገኘውን እናጠፋዋለን» አላቸው። እርሳቸውም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ስንት ያስከፍላል?» ብለው ጠየቁ፤ ከመቀነታቸውም ፈትተው መቶ ብር አስቀመጡ። በዚያ የነበርነውም የቻልነውን ጨመርንበት።

ዲስኩ አሁን በጥጥ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በላዩ ባለ ፎቶ ቤቱ በቀይ ቀለም «አይነካ» ብሎ ጽፎበታል፤ ካቻቢቴ ይዞ የመጣው ሰውዬም ገንዘቡን ይሰበስባል።