ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ስለ መኪና ጎማ ላወጋችሁ ነው። «ጎማና የሴቶች ዓምድ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ቤተሰባችን አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ አለው። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ከሄደ ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለቱን ልጆቼን ከሽሮ ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ማታ ገበያ አዳርሼ እመለሳለሁ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከሸኖ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትኖረውን እናቴን እጠይቃለሁ። ከአስፋልቱ እስከ እናቴ ደጅ ያለው 8 ኪሎ ሜትር መንገድ መረሬ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው እግር እንኳ አያስነቅልም።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የፒካፑ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ላሽ አሉ። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር ወደ መርካቶ ወረድኩ። ምን ዓይነት ጎማ እንደሚያስፈልገኝ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ዘመዳችን «ለፒካፕ ጥርሱ የገጠጠ የጭቃ ጎማ ነው የሚሆነው፤ የእናትሽን መንገድ ታውቂው የለም እንዴ!» ብሎኛል። ሻጩም ይህንኑ አጸናልኝ። «መቼ የተሠራ ነው?» ብዬ ብጠይቀው በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች በጣቱ አሳየኝ፤ 2416 ይላሉ። «ይኸው እኅቴ፣ የ16 ምርት ነው፤ የዘንድሮ» አለኝ። ዓመቱ 2016 ነውና አመንኩ። አራቱንም ገዝቼ አስገጠምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ መሆኑን ያወቅሁት ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ሰኔ ላይ፣ በልጆቹ የፈተና ሳምንት፣ ማለዳ ካፊያ ጥሎ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ቁልቁለት ቀስ ብዬ እየወረድኩ ሳለ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ አንዲት እናት መንገዱን ለማቋረጥ ገቡ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ግን አልቆመም። ኋላው ወደ ጎን እየሄደ በረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። ልጆቹ ጮኹ። ሲቆም በመኪናው አፍንጫና በሴትየዋ መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። እርሳቸው ከነሸክማቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። «ልጆች ይዘሻል፤ ቀስ በይ እንጂ ልጄ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ለብዙ ደቂቃ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀስ ብዬ ነበርና የምነዳው!

የዚያኑ ቀን ወደ አንድ ጎሚስታ ሄድኩ። ፍሬኑ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ጎሚስታ ጎንበስ ብለው የጎማውን ጥርስ በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉትና «ልጄ፣ ይህ ጎማ እኮ ደርቋል። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አሉኝ። 24 ሳምንቱ ነው፤ 16 ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ። በእኛ ሲመለስ ሰኔ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «አዲስ» ብዬ የገዛሁት ጎማ ሲሸጥልኝ ስምንት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ብቻ ነበር የቀረው።

ጎማ ባይነዳበትም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን እያደረቁት ይሄዳሉ፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ አስፋልት የመንከስ ኃይሉ ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲለወጥ ይመክራሉ። የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ስለሚበልጥ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከእኛው ዓመት ጋር ከገጠሙ ጎማው አዲስ ሳይሆን የ7 ወይም የ8 ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ወደ ሻጩ ተመልሼ ብጠይቀው «አይተሽ ነው የገዛሽው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይቻለሁ፤ አላነበብኩም እንጂ።

ጥፋቱ ግን የዕድሜው ብቻ አልነበረም። ያን ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ደብተር አውጥቼ በወር የምነዳውን መንገድ ጻፍኩ። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ፣ ከዚያም እስከ ሸኖ ደርሶ መልስ፣ ሲደመር ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አስፋልት ሆነ። ጭቃው ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር ነው። ለ16ቱ ብዬ የገዛሁት ጎማ በ600ው ላይ ልጆቼን ሊያሳጣኝ ነበር።

የፒካፕ ጎማ በሦስት ይከፈላል። ኤች ቲ የሚባለው ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭቃ ላይ ግን ይሰንፋል። ኤም ቲ የጭቃው ነው፤ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ስለሆነ ጭቃን ይተፋል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ኤ ቲ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ነው። የእኔን ደብተር የመሰለ ደብተር ያላት ሴት ጥርሱ ጠበቅ ያለውን ኤ ቲ ብትመርጥ ይበቃታል። ከአስፋልት የማትወጣ ደግሞ ኤች ቲ ትግዛ።

በጎኑ ላይ 265/65 አር 17 112 ኤስ የሚል ጽሑፍ ብታዩ አትደንግጡ። የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው ልክ 17 ኢንች ነው ማለት ነው። 112 አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ኤስ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይነግራል። ዋናው ነገር ልኩ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙና የመሸከም ቁጥሩ በሾፌሩ በር አጠገብ ከተለጠፈው አለማነሱ ነው። የንፋሱንም መጠን ከዚያው አንብቡ። በጎማው ጎን የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። ንፋስ የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

በጥርሶቹ መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነርሱ እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና ጎማው አብቅቶለታል። ለክረምት ግን እስከዚያ ባይጠበቅ ይሻላል፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ መለወጥ ይበጃል። ገንዘብ አጥሯችሁ ሁለት ብቻ የምትገዙ ከሆነ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሙ። ባዶ ፒካፕ ኋላው ቀላል ነው፤ እርሱ ካመለጠ መኪናው ይሽከረከራል።

እኔ የእቁባችንን ዳኛ ለምኜ ተራ አስቀይሬ፣ ባለቤቴም ጨምሮልኝ፣ አራቱን እንደገና ገዛሁ። በዚህኛው ጊዜ ከሱቁ ደጃፍ ተንበርክኬ የአራቱንም ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩ። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ባልሽን ብትልኪው አይሻልም ነበር?» አለኝ። «ልጆቹን የማደርሰው እኔ ነኝ» አልኩት።

እኅቶቼ፣ የገንዘብ ነገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጎማ ስንገዛ ዘመድ ያለውን ወይም ዐይን የወደደውን ሳይሆን በየቀኑ የምንነዳበትን መንገድ እንጠይቅ። ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ ጎንበስ ብላችሁ አራቱን አኃዞች ፈልጉ። እኔ ዛሬም ያን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ጭራሮ የተሸከሙትን እናት በዐይኔ እፈልጋለሁ። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው ጎማውን መለወጤን እነግራቸው ነበር።