ፋብሪካው ያላሰበው ሊቨር

ኬኒ ሮጀርስን ወይም ዶሊ ፓርተንን ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ከዘፋኙ ኋላ ድምፁን እየሳበ እንደሚያለቅስ ሰው ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው የሚንሸራተት መሣሪያ ሳያስተውል አልቀረም። የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ መለያ የሆነው ይህ መሣሪያ ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። ጊታር ይባል እንጂ አይታቀፍም፤ እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ ይቆማል። ተጫዋቹ ከኋላው ተቀምጦ በግራ እጁ ወፍራም ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ይመታል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። በሁለት ጉልበቶቹ ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉ ብረቶችን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይገፋል።

የዛሬው ጨዋታ ስለነዚህ በጉልበት የሚገፉ ሊቨሮች ነው። ትንሽ ነገር ይመስላሉ። ሆኖም አንድ ዕቃ የማን ነው፣ የሠራው ፋብሪካ ወይስ የሚገለገልበት ሰው፣ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምስክር ናቸው።

ችግሩ ከየት መጣ? ክራር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ክራር ደርዳሪው ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። የስቲል ጊታር ተጫዋቾችም ይኸው ጣጣ ነበረባቸው። በክሮቹ ላይ የሚንሸራተተው ብረት ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ጣት አይታጠፍም፤ ስለዚህ በአንድ ቅኝት የሚገኙት ኮርዶች ጥቂት ናቸው። አንዳንዶች ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አንገት ያለው መሣሪያ እያሠሩ እያንዳንዱን አንገት በተለያየ ቅኝት ይቃኙት ነበር። ፔዳል የመጣው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። ሲረገጥ ክሩን ይስባል፣ ቅኝቱም ይቀየራል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» በተሰኘ ዘፈን ላይ ግን በድ አይዛክስ ሌላ ነገር አደረገ። ክሩ ገና እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረገጠ። ድምፁ በአድማጭ ጆሮ ፊት ተንሸራቶ ወጣ። ዘፈኑ ተወዳጅ ሆነ፣ ሌሎች ተጫዋቾችም ያንን ድምፅ ፍለጋ የየራሳቸውን መሣሪያ መነካካት ያዙ። የአይዛክስን መሣሪያ የሠራለትም ፖል ቢግስቢ የተባለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሞተር ብስክሌት ሥራ የመጣ የብረት ባለሙያ ነበር።

ቀጥሎ በዲ ኤሞንስ መጣ። በአይዛክስ መሣሪያ አንዱ ፔዳል ሁለት የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ላይ ያነሣ ነበር። ኤሞንስ ሥራውን ለሁለት ፔዳል ከፈለው፤ አንዱን ብቻ መርገጥ፣ ወይም ሁለቱንም አከታትሎ መርገጥ ተቻለ። ዛሬ ሁሉም የሚጫወተው በዚህ አከፋፈል ነው።

ከዚያ እግር አለቀ። ቀኝ እግር የድምፅ መጠን የሚቆጣጠረውን ፔዳል ይዟል፣ ግራ እግር ሌሎቹን ይረግጣል። ሥራ ፈት ሆነው የቀሩት ጉልበቶች ብቻ ናቸው። የጉልበት ሊቨርን በማምጣት ስሙ የሚነሣው ዜን ቤክ ነው፤ ዘመኑም ያው 1950ዎቹ ነው። ቤክ ራሱ ተጫዋች ነበር፣ በኋላም መሣሪያ ሠሪ ሆኗል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ነገሩ የተጀመረው ክር መትቶ በሚያድር ሰው ነው።

ዛሬ የተለመደው መሣሪያ 10 ክር፣ 3 ፔዳልና 4 ወይም 5 የጉልበት ሊቨር አለው። ለጀማሪ ተብለው የተሠሩት ግን ያነሰ ይይዛሉ። ሾ-በድ ማቬሪክ የተባለው የታወቀ የተማሪ መሣሪያ 3 ፔዳልና 1 ሊቨር ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ በርካሽ የገዛ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚፈልገው ኖታ ከሌለው ሊቨር ጋር ተያይዞ ያገኘዋል። አዲስ ለመግዛት አቅም የለውም። ስለዚህ መሣሪያውን ይገለብጠዋል።

ከሥር የሚያየው ምሥጢር አይደለም። ሊቨሩ ሲገፋ አግዳሚ ዘንግ ይዞራል። በዘንጉ ላይ የታሰረ ትንሽ ብረት ቀጭን ሽቦ ይጎትታል። ሽቦው ደግሞ በመሣሪያው ጫፍ ክሩ የተያያዘበትን ተንቀሳቃሽ ብረት ይስባል፤ ክሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ጉልበት ሲለቅ ሞላ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ የበር ማጠፊያ፣ ብሎን፣ ሞላ፣ ሞረድና ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ ሊቨር መጨመር ይችላል።

መጨመሩ ቀላሉ ነው። ከባዱ ማስማማት ነው። ቀጭኑ ሽቦ ከዘንጉ ራቅ ባለ ቀዳዳ ከገባ ጉልበት ትንሽ ሄዶ ይጨርሳል፣ ግን ይከብደዋል። ቀረብ ባለ ቀዳዳ ከገባ ይቀለዋል፣ ግን ብዙ መሄድ አለበት። ሁለቱንም የሚሰጥ ቀዳዳ የለም። ወደ ላይ የሚገፋው ሊቨር ለረጅም ሰው ጭኑን ይጫነዋል፣ ለአጭር ሰው አይደርስለትም፤ አንዱ ያጥፈዋል፣ ሌላው ያስረዝመዋል፣ ሌላው ስፖንጅ ይለጥፍበታል። ሁለተኛውን ክር የሚያወርደው ሊቨር ደግሞ በመንገዱ ላይ ግማሽ ድምፅ፣ እስከ ጥግ ሲገፋ ሙሉ ድምፅ ያወርዳል። ግማሹ የቱ ጋ እንደሆነ ጉልበት በምን ያውቃል? ተጨማሪ ሞላ ይገባለታል። ጉልበት ሞላውን ሲነካ ድንገት ይከብደዋል፤ ያኔ ግማሹ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልክ በሺህ ለሚቆጠር ገዢ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ሊያውቀው አይችልም። የዚያ ሰው ጉልበት ያለው ያ ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን የነካካ ሁሉ አሻሻለ ማለት አይደለም። በእንጨት ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይመለስም። በጥሩ እጅ የተሠራ አሮጌ መሣሪያ በአንድ የተሳሳተ ቀዳዳ ዋጋው ይወርዳል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ አስተዋይ ሰው አዲሱን ሊቨር መጀመሪያ በማይበሳ ማሰሪያ አጥብቆ ለሳምንታት ይጫወትበታል፣ የነቀለውን ብሎንም በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጣል። መሰርሰሪያ የሚያነሣው ጉልበቱ ከተስማማ በኋላ ነው።

ሌላም ዋጋ አለ። መሣሪያውን ለራሱ አካል ያመቻቸ ሰው በሌላው መሣሪያ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ባዶ ቦታ ይገፋል። አስተማሪው «ግራ ጉልበትህን ወደ ቀኝ» ሲለው የእሱ ሊቨር ሌላ ሥራ ይሠራል። ሁሉም በየራሱ ቢያስተካክል የጋራ ቋንቋ አይጠፋም ወይ?

ሊጠፋ ይችል ነበር። ያልጠፋው ተጫዋቾቹ አንድ ልማድ ስላበጁ ነው። ኮፔደንት የሚሉት ሰንጠረዥ አላቸው፤ የትኛው ክር በምን ድምፅ እንደተቃኘ፣ የትኛው ፔዳልና የትኛው ሊቨር የትኛውን ክር ስንት እንደሚያነሣ ወይም እንደሚያወርድ በአንድ ገጽ ይጻፍበታል። አንዱ ለሌላው ያሳየዋል። የወደደ ይቀዳል፣ ያልወደደ ይተወዋል። ብዙዎች የቀዱት ቀስ በቀስ የተለመደው ይሆናል፣ ፋብሪካም ተከትሎ ያመርተዋል። ዛሬ አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ተዘጋጅተው የሚያገኛቸው ሊቨሮች ድሮ የአንድ ተጫዋች ሙከራ ነበሩ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስለ ለውጥ በሚደረግ ክርክር ሁለት ወገን ይሰማል፤ አንዱ «የተሠራውን አትንኩ» ይላል፣ ሌላው «ሁሉንም እንደ አዲስ» ይላል። የእነዚህ ሰዎች መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ይከፍታሉ፣ መጀመሪያ ሊመለስ በሚችል መልኩ ይሞክራሉ፣ የቀየሩትን ጽፈው ለሌላው ያሳያሉ። በተለይ የመጨረሻውን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ቦታ ሰዎች ይቀያይሩና ሳይጽፉ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ግን ዕቃው የሚከፈት መሆኑ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ስልክም ሆነ ሌላ ማሽን በሙጫ ተጣብቆ ሲመጣ የሚቀረው የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም። ከተጠቃሚው ጉልበት ሊወጣ የነበረው ሐሳብም አብሮ ይታሸጋል። ዕቃ ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ነገር ብሎን አለው?