«አረጋግጥ»

አዲስ አበቤ ትዳሩን ሊያድስ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሐይቅ ዳር ብትቆሙ ሙሽራው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሲኮራረፍ ከርሞ በዓሣ ጥብስ ሊታረቅ የመጣው ባልና ሚስት በየተራ ያልፋሉ። እኛ ቢሾፍቱዎች ግን የት እንሂድ? ሐይቁን እንደሆነ ልብስ ስናሰጣም እናየዋለን።

ስለዚህ 20ኛ ዓመታችሁን አዲስ አበባ አክብሩ ተባልን። ያለችው ልጃችን ናት። ሐዋሳ ቁጭ ብላ በስልኳ አልጋ ያዘች፣ የሁለት ቀን «ፕሮግራም» ላከች፣ ጨረሰችው። አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «የምን ዓመት ነው እሱ ደግሞ? እኔ የማውቀው ሙት ዓመት ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። በእኛ ወግ ለሠርግ ዳስ ይጣላል፣ ጫጉላ ይገባል፣ መልስ ይጠራል፣ ቅልቅል ይደገሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆጥርልህ የለም። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እየተቆጠረ የሚደገስልህ ከሞትክ በኋላ ነው።

የተጋባነው እሑድ ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። በ2017 ቀኑ ሐሙስ ዋለ። ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ፈቃድ ጠየቀች። 50 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ ሻንጣ ስትከትና ስታወጣ ሰነበተች። አዲስ አበባን እኮ እናውቃታለን፤ ለሐኪም ቤት፣ ለለቅሶ፣ ለጉዳይ ስንት ጊዜ ተመላልሰንባታል። ዝም ብለን ልናያት ስንሄድ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበር።

የጉዞው ዋና ዓላማ አንዲት ኬክ ቤት ናት። በ1995 ፒያሳ፣ በአንዲት ጠባብ ኬክ ቤት፣ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ጋበዝኳት። ማኪያቶ በጣልያንኛ እድፍ ያረፈበት ማለት ነው፤ እኔ እጄ ተንቀጥቅጦ ነጠላዋ ላይ ስላፈሰስኩት በዚያን ቀን ትርጉሙን በተግባር አሳይቻታለሁ። የትዳራችን ምንጭ እሷ ኬክ ቤት ናት ብለን ለልጃችን ነግረናታል።

አንድ ሌላ ነገርም የተጀመረው እዚያው ነው። ነጠላዋን በሶፍት እያሻሸች ሳለ ዝምታው ከበደኝና ስለ ሰባራ ባቡር አወራሁላት። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በድሮ ጊዜ አንድ ባቡር ሐዲዱን ስቶ፣ ቁልቁለቱን ተንደርድሮ፣ እዚያ ሲደርስ ስለተሰበረ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አረጋግጥ» አለችኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበሩ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ሐዲድ በሌለበት ሰፈር ባቡር የገለበጥኩላት ሐዲድ ዳር ላደገች ልጅ ነው።

ያ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልወጣም። ሽንኩርት ተወደደ ስላት «አረጋግጥ»፤ ራሴን አመመኝ ስላት «አረጋግጥ»።

የሰባራ ባቡርን እውነት ያገኘሁት ቆይቼ ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በሐዲድ ሳይሆን በብረት ጎማ በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር አስመጥቶ ነበር። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ሲበላሽ የቆመበት ቦታ ሰባራ ባቡር ተባለ። ባቡር ማለት ያኔ የሚጨስና የሚንኳኳ ሞተር ሁሉ ነው፤ አያቴ ወፍጮ ቤት ስትልከኝም «ባቡር ቤት ሂድ» ነበር የምትለኝ። እኔ ይህን እስክደርስበት ግን ልጃችን የእኔን ታሪክ ትምህርት ቤት ጽፋ ኤክስ ተደርጎባት ተመልሳለች። እናቷ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። አንድ ወር ሙሉ ወተት ባወጣሁ ቁጥር ቀዩን ኤክስ አየሁት።

ሐሙስ ጠዋት ለገሃር ስንደርስ ግን ልማድ ክፉ ነውና አፌ ቀደመኝ። «ይሄ ኦሮምኛ ነው» አልኳት። «እንደ ለገጣፎ፣ እንደ ለገዳዲ። ለገ ወንዝ ነው፤ ሃሮ ደግሞ ኩሬ።» አሁንም ቢሆን ምክንያቴ ጥሩ ይመስለኛል፤ ቢሾፍቱ ለኖረ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው?

«አረጋግጥ» አለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም፤ አሮጌውን ጣቢያ እያየች ነበር። ወዲያው ራሷ ቀጠለች። «ላ ጋር። ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። አባዬ ሥራ ሲሄድ ‹ጋር መሄዴ ነው› ነበር የሚለው።» ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በእኛ ከተማ በኩል አልፎ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ባቡሩን አዲስ አበባ ከማየቷ በፊት ቢሾፍቱ አይታዋለች። ይቺን እንኳ ማንም አረጋግጥ አይለኝም።

በካዛንቺስ በኩል ስናልፍ ታክሲው ውስጥ ሁሉም ሰው አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የምናውቀው ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ፈርሷል። ስሙ የመጣው ከጣልያን ዘመን ነው፤ ኢንቺስ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረ ድርጅት ስም አህጽሮት ሲሆን፣ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። አሁን ቤቶቹ ሄደው «ቤቶቹ» የሚለው ስም ብቻ ቀርቷል። ወያላው እንደ ወትሮው «ካዛንቺስ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ወራጅ አልነበረም።

ፒያሳ የደረስነው ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ያበራል፣ የብስክሌት መስመር አለ፣ አግዳሚ ወንበርም አለ። የድሮዎቹ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ፣ የሉም። ውበቱን አልክድም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬበታለሁ፣ ይመቻል። ግን እኛ የመጣነው ለኬክ ቤቷ ነው።

«እዚህ ጋ ነበረች» አልኩ፤ ወደ አንድ የመብራት ምሰሶ እያመለከትኩ።

«የለም፣ ወደ ጊዮርጊስ ጠጋ ትላለች። ከበሯ ሆነን የምኒልክ ሐውልት ይታየን ነበር።»

«ሐውልቱ አይታይም ነበር።»

«አረጋግጥ።»

በምን ላረጋግጥ? ድሮ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ፣ ደረጃ የነበረውን ድንጋይ ጠርተህ ታስመሰክራለህ፤ አሁን ምስክሮቹ በሙሉ ተነሥተዋል። እሷ ከሐውልቱ ጀምራ ቁልቁል እርምጃ መቁጠር ያዘች። ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ሰው መጥቶ ሲገጫት ቁጥሩ እየጠፋባት እንደገና ወደ ኋላ እየተመለሰች። 214 ላይ ቆመች። የቆመችው ሳር ላይ ነበር። ጥበቃው ከሩቅ አፏጨ።

አንድ ሎተሪ የሚያዞሩ አዛውንት ትርኢቱን ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሉን።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

«አባባ፣ እዚህ ጋ አንዲት ኬክ ቤት ነበረች። ጠባብ፣ መስተዋት ያላት።»

ሳቁ። «ጠባብና መስተዋት የሌላት ኬክ ቤት ነበረች እንዴ? ስሟን ንገሩኛ።»

ተያየን። ለሃያ ዓመት «ኬክ ቤቷ» እያልናት ኖርን እንጂ ስሟን አንድም ቀን አላነሣንም። የሰፈሩን ስም ሁሉ ከሥር መሠረቱ ስቆፍር የከረምኩ ሰውዬ የራሴን ኬክ ቤት ስም አላውቅም። ከእሳቸው ሎተሪ ገዛን፤ እስካሁን አልወጣልንም።

ማታ ሆቴሉ ጥሩ ነበር፤ ትራሱ ብቻ በዛ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ምሳችንን ጣይቱ ሆቴል የጾም በላን። እቴጌይቱ ያስከፈቱት፣ ጥር 2007 እሳት የበላው፣ እንደገና ቆሞ ሽሮ የሚያቀርብ ቤት ነው። ባለቤቴ ወለሉን፣ ደረጃውን፣ የጣሪያውን ከፍታ እያየች ብዙ ተቀመጠች። «ይሄ እንኳ አለ» አለች በመጨረሻ፤ ያ ሽሮም ከዚያ ወዲህ ባሰብኩት ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል።

ስንመለስ ሚኒባሱ የፍጥነት መንገዱን እንደያዘ ልጃችን ደወለች። ባለቤቴ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«እሺ፣ ኬክ ቤቷን አገኛችኋት?»

አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አገኘናት እንጂ። በሩ ብቻ ቀለም ተቀብቷል። ማኪያቶዋም እንደ ድሮዋ ናት፤ አባትሽ ደግሞ ሊያፈስብኝ ነበር።»

«አረጋግጪ!» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «ፎቶ ላኪልኝ።»

«ውይ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሰርቄ አየሁት፤ ባትሪው 83 ላይ ነበር።