የትኛው ተመን?

የመመረቂያ ጽሑፌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለውጥ ምን ያህል ወደ አገር ውስጥ ዋጋ እንደሚተላለፍ የሚመረምር ነበር። የብሔራዊ ባንክን ወርኃዊ ተመን ከሸማቾች ዋጋ መለኪያ ጋር አገናዝቤ ስገምተው መተላለፉ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። የብር መዳከም የዋጋ ንረትን እምብዛም አያባብስም ብዬ ደመደምሁ። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ጽፈው ነበር፤ «የትኛው ተመን?»

መልሱን ያገኘሁት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ዋጋ ከመንገራቸው በፊት ስልክ ደውለው የዕለቱን የጥቁር ገበያ ዶላር ጠየቁ። ዕቃው ከገባ ወራት አልፈውታል። «ልጄ፣ እኔ የምሸጠው በገዛሁበት አይደለም፤ ነገ በምተካበት ነው» አሉኝ። የባንኩ ተመን በስሌታቸው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እኔ ግን ስለካ የከረምሁት እርሱን ነው።

በ1985 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ ብዙ ዋጋዎች አስቀድመው ከትይዩው ገበያ ጋር ተላምደው ነበር። ይህን የቀደሙ ጥናቶችን በዳሰስሁበት ምዕራፍ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ከስሌቴ ጋር ግን አላገናኘሁትም። በሌላ በኩል እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ያሉ በመንግሥት ተመን ይገቡ የነበሩ ሸቀጦች የተመኑ ለውጥ በቀጥታ ይነካቸዋል። ስለዚህ ያገኘሁት ዝቅተኛ አማካይ ሁለት የማይመሳሰሉ ገበያዎችን ደርቦ የያዘ ነበር።

ይህን ለይቼ ሳልጨርስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላር ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ወጣ። (ዶላሩ 30 በመቶ ተወደደ፤ ብሩ የወረደው ግን 23 በመቶ ነው። ሁለቱን የማያምታታ ተማሪ ጥቂት ነው።) ሮበርት ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳስጠነቀቀው፣ የፖሊሲው ሥርዓት ሲለወጥ በቀድሞው ሥርዓት የተገመተ ዝምድና አብሮ ይለወጣል። መደምደሚያዬን ሰርዤ የመመረቂያ ጊዜዬን በአንድ መንፈቅ አራዘምሁ።

የጎደለኝ የትይዩው ገበያ ዕለታዊ ተመን ነበር። አዛውንቱ ለዓመታት በደብተር መዝግበውታል፤ ስማቸው እንዳይነሣ አስጠንቅቀው እንድገለብጠው ፈቀዱልኝ። በመረጃ ምንጭነት እንዴት እንደምገልጸው ከአማካሪዬ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው።