ዘሩ ምንድን ነው?

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ቆቦ ነበርኩ። በደረሰ ማሽላ ላይ አንበጣ ወርዶ፣ ሴቱም ወንዱም ጅራፍ እያጮኸ፣ ጀሪካን እየደበደበ ይሮጣል። ገበያ ላይ ያገኘሁት አንድ የአፋር አርብቶ አደር «ኩብኩባው እኛ ዘንድ ከሳምንታት በፊት ሲዘል ነበር፤ ቦታ የሰጠው ሰው የለም» አለኝ። ንግግሩን ከዘገባዬ ቆርጬ አወጣሁት። ሰማይ የሸፈነ መንጋና የሚያለቅስ ገበሬ የተሻለ ዜና መስሎኝ ነበር።

እዚያው አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የዚህ ፍጥረት ዘሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ።

የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ዓይን የማይገባ፣ ከመሰሉ የሚሸሽ ፌንጣ ነው። ዝናብ ሲጥል ይራባል። ምድሩ ሲደርቅ ግን በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ተጨናንቆ እርስ በርሱ ይተሻሻል። የኋላ እግሩ ደጋግሞ ሲነካ በሰውነቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም መሸሹን ትቶ መንጋ መከተል ይጀምራል። ዘረ መሉ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይባሉ የነበሩ አንበጦች አንድ መሆናቸውን እስኪያስረዳ ድረስ ሳይንሱም ተሳስቶ ነበር።

ከሁሉም የገረመኝ የእናትየዋ ነገር ነው። በመጨናነቅ የኖረች እናት ቁጥራቸው አነስ ያለ፣ መጠናቸው ግን ተለቅ ያለ እንቁላሎች ትጥላለች። ልጆቿም ጠቆር ብለው፣ ለመንጋ ኑሮ ተሰናድተው ይፈለፈላሉ። መጨናነቁ ከትውልድ ትውልድ ሲቀጥል ባህሪውም እየጠነከረ ይሄዳል።

ዘር ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ ፌንጣዎች ቢጨናነቁም እንዲህ ያለ መንጋ አይሆኑም። ችሎታው ከዘር ይመጣል፤ የሚቀሰቅሰው ግን የራሱና የእናቱ ኑሮ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ማለት ለምንወድ ለእኛ ግማሽ መልስ ብቻ ነው።

የዚያ ዓመቱ መቅሰፍትም ድንገት የወረደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ አራሱት። አንበጣው ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ለትውልዶች ተራባ፤ ጦርነት ባደቀቃት የመን አልፎም እኛ ጋ ደረሰ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። ያኔ አውሮፕላን ፍለጋ መሯሯጥ ይመጣል። ኩብኩባ ሳለ ግን ክንፍ የለውም፤ መሬት ላይ ነው፤ በእግር ይደረስበታል።

ስለዚህ ለአንበጣ የሚመደብ በጀት ሰማዩ ሲጠቁር ብቻ የሚታወስ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጠባቂ ኩብኩባውን ቀድሞ የሚያየው አርብቶ አደር ነው። ስልክ የሚያነሳለትና ተነስቶ የሚሄድለት ሰው ያስፈልገዋል። የሚጽፍለት ጋዜጠኛም እንዲሁ። ያን ቀን የቆረጥኩትን ንግግሩን ዘግይቼም ቢሆን እዚህ ያሰፈርኩት ለዚህ ነው።